ኮርማ ማዋጋት ቅርስ ነው ወይስ ጭካኔ?

ጥያቄውን ያነሳው፦ ወንድሜ ከጃፓን ያመጣልኝን፣ ከእንጨት ቅርጽ የታተመ ሥዕል ሳሎን ሰቅያለሁ። ሁለት ጥቁር ኮርማዎች ግንባር ለግንባር ገጥመዋል፤ ዙሪያቸውን ገመድ የያዙ ገበሬዎች አሉ። አንዲት እንግዳ «ጭካኔ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል?» አለችኝ። ግጥሚያው በኒጋታ ተራሮች፣ በያማኮሺ፣ ዛሬም አለ። ይቀጥል ትላላችሁ?

የታሪክ መምህርቷ፦ ይቀጥል እንጂ! ጃፓናዊው ደራሲ ታኪዛዋ ባኪን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለዱ ውስጥ ተርኮታል፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1978 በብሔራዊ ቅርስነት መዝግቦታል። ከስፔኑ ጋር አታምታቱት፤ ሰይፍ የያዘ ሰው የለም። በያማኮሺ አሸናፊ እንኳን አይለይም። ትግሉ ሲግል ሰዎቹ ዘለው ይገባሉ፤ የኋላ እግር በገመድ ይጠልፋሉ፣ አፍንጫ ይይዛሉ፣ አቻ ብለው ይገላግላሉ።

የከብት ሐኪሙ፦ መምህርት፣ አፍንጫው ለምን እንደሚያዝ ያውቃሉ? ሕመም ቶሎ የሚሰማው እዚያ ስለሆነ ነው። አቻ መውጣት ለባለቤቱ ኩራት ይበጃል፤ የተተለተለ ግንባር አቻ አያውቅም። የቶኪዮ ከተማ እኮ በክልሏ እንስሳት ማዋጋትን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው።

እረኛ የነበረው፦ ዶክተር፣ ኮርማ ሰው ሳይገፋውም ይዋጋል። በልጅነታችን የሁለት መንደር ከብት ውኃ ላይ ሲገናኝ፣ አፈር በሰኮናው እየበተነ፣ እያጓራ የሚመጣውን ማን ሊያቆመው? አንዴ የጎረቤታችን ወይፈን ቀንዱ ከሥሩ ተነቀለ። እኛ እያጨበጨብን ነበር፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ገመድ የያዘ አዋቂ በአጠገባችን ቢኖር ኖሮ ቀንዱ ይተርፍ ነበር።

የከብት ሐኪሙ፦ ሜዳ ላይ ያቃተው ይሸሻል። በአጥር ክብ ውስጥስ ወዴት?

የታሪክ መምህርቷ፦ በደቡብ ጃፓን ደሴቶች፣ በኦኪናዋ፣ ዞሮ የሸሸው ተሸነፈ ይባላል፤ ያማኮሺዎች እዚያ ሳይደርስ ነው የሚያስቆሙት። እ.ኤ.አ. በ2004 የመሬት መንቀጥቀጥ መንደሩን ሲያፈርሰው ከብቶቹን በሄሊኮፕተር ነው ያወጧቸው። ጨካኝ እንዲህ ይደክማል?

የከብት ሐኪሙ፦ መውደዳቸውን መች ካድኩ? ሴት ወደ ሜዳው አትገባም የሚለው ደንብም ቅርስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አነሱት። ያን ካነሱ፣ ደም ሳይታይ የሚቆም ግጥሚያ መደንገግ አያቅታቸውም።

የታሪክ መምህርቷ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ደንቡን ይጻፉ እንጂ ሜዳውን አይዝጉ።

ጥያቄውን ያነሳው፦ ሥዕሉን ጠጋ ብዬ ደግሜ አየሁት። ኮርማዎቹ ላይ አንድም የደም ጠብታ የለም። ሠዓሊው ደሙን ትቶት ይሁን ወይስ መጀመሪያውኑ አልነበረም፣ ዶክተር እሑድ ለቡና ሲመጡ አይተው ይንገሩኝ።