ክርክር፦ ያልታወቀ የፎክ ዘፋኝ ስናስተዋውቅ ፋይሉን እንስጥ ወይስ ሊንኩን?

መነሻ፦ ግጥምና ዜማውን ራሱ ሠርቶ በአንድ ጊታር የሚዘፍን፣ ገና ስም ያልወጣለት ሰው አገኘን እንበል። ስለ እሱ ጽፈን ለሌሎች ስናካፍል ሙሉውን ዘፈን በኤምፒ3 አብረን እንስጥ ወይስ ወደ ገጹ የሚወስድ ሊንክ ብቻ እናስቀምጥ? ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ስድብ የለም፤ ማስረጃ ያለው ይምጣ።

ማህደረ ዜማ፦
እኔ ፋይሉ ይሰጥ ከሚሉት ወገን ነኝ። ሊንክ ዕድሜው ሌላ ሰው የሰርቨር ኪራይ እስከከፈለ ድረስ ብቻ ነው። ዘፋኞች ዘፈናቸውን ይጭኑበት የነበረው ማይስፔስ የተባለ ድረ ገጽ ሰርቨር ሲያዛውር እስከ 2015 የተጫኑለትን ዘፈኖች እንዳጣ በ2019 ይፋ ሆነ። በኋላ ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው የድረ ገጽ ማህደር ላይ 490,000 ያህሉ ተመልሰው የወጡት ለጥናት ብለው ከ2008 እስከ 2010 የገለበጧቸው ሰዎች ስለነበሩ ነው። እያንዳንዱን ዘፋኝ ፈቃድ እንጠይቅ ቢሉ ኖሮ የሚተርፍ አልነበረም። ማስተዋወቁንም ካነሳን፣ ቦን ኢቨር በሚል ስም የሚዘፍነው አሜሪካዊ በ2007 በራሱ ያወጣው አልበም በ2008 ጃግጃጉዋር በተባለ አሳታሚ በኩል እንደገና ከመታተሙ በፊት ከሰው ጆሮ ያደረሱት ብሎገሮች ናቸው።

ሚዛን፦
ጋሼ ማህደር፣ ማስቀመጥና ማሰራጨትን አንድ አደረጓቸው። ለመዝገብ ገልብጦ ማኖር ሌላ፣ ዘፈኑ በወጣ በሳምንቱ ማውረጃ ከፍቶ መበተን ሌላ። መዘዙም ታይቷል፤ በፌብሩዋሪ 2010 ጉግል ብሎገር በተባለው የራሱ የብሎግ አገልግሎት ላይ የነበሩ በርካታ የሙዚቃ ብሎጎችን የዓመታት ጽሑፋቸውን ጨምሮ አጠፋቸው። ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ «ፋይሉን የላኩልን አሳታሚዎቹ ራሳቸው ናቸው» ብለው ቢጮኹም ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር። በአሳታሚው ቤት ዘፈኑን ለጸሐፊ የሚልከው ክፍልና የቅጂ መብት አቤቱታ የሚያስገባው ክፍል አይነጋገሩም፤ ችግሩ የሚወለደው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ «አሪፍ ነው፣ ልቀቀው» የሚል የስልክ መልእክት ፈቃድ አይባልም። በኢሜይል ይጻፍ፦ የዘፈኑ ርዕስ ልክ እንደወጣበት፣ በምን ዓይነት ፋይል፣ ለስንት ጊዜ፣ ፈቃጁ ማን እንደሆነና በምን መብት። የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። የዜማና ግጥሙ ባለቤትና የቅጂው (የተቀረጸው ድምፅ) ባለቤት ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በራሱ ክፍል ቀርጾ የሚያወጣ ዘፋኝ ሁለቱንም በእጁ ይይዛል፤ አብሮት ግጥም የጻፈ ወይም ቀረጻውን የከፈለለት ካለ ግን ያንንም መጠየቅ ግድ ነው።

ስድስት ክር፦
ሕጉን ተዉትና ሒሳቡን እዩ። ስፖቲፋይ የተባለው የሙዚቃ ማድመጫ መተግበሪያ ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም፤ አንድ መደመጥ የሚቆጠረውም 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ዘፋኙ 900 ላይ ቆሞ ሳለ 200 ሰው የእናንተን ፋይል አውርዶ ቢያደምጥ ያ ሁሉ መደመጥ የትም አይመዘገብም። ስጦታ የሰጠን መስሎን መስመሩን እንዳያልፍ አደረግነው ማለት ነው።

ዘፋኙ ሥራውን በቀጥታ የሚሸጥበት ባንድካምፕ የተባለው ድረ ገጽ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከሲዲና ከሸክላ 10 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ አቀባባዩ ድርሻ ለብቻው ነው። ገዢው ከፈቀደ ኢሜይሉ ለዘፋኙ ይደርሰዋል፤ ቀጣዩ አልበም ሲወጣ በቀጥታ የሚነግረው ሰው አገኘ። ስለዚህ ሊንክ ስታስቀምጡ ይህን አስቀድሙ። አምስት መተግበሪያ በአንድ ረድፍ ከደረደራችሁ ሁሉም የለመደውን ነው የሚጫነው።

ጆሮ ጠቢ፦
ፋይል ነው፣ ሊንክ ነው ትላላችሁ፤ ሰው ሁለቱንም የማይነካው ጽሑፉ ስለማይረባ ነው! «ልብ የሚነካ ድምፅ፣ ውብ ጊታር» ስለ ማን ተብሎ የማይጻፍ ነገር ነው? እንዲህ ይጻፍ እንጂ፦ «ጊታሩ ዲ-ኤ-ዲ-ጂ-ኤ-ዲ የተቃኘ ነው፤ 6ኛው፣ 2ኛውና 1ኛው ክር ከተለመደው አንድ ሙሉ ቶን ወርደዋል። ክፍት ክሮቹ ከሥር ያለማቋረጥ ያስተጋባሉ፣ ዜማው በላያቸው ይሄዳል። ሁለተኛው አንቀጽ ሲያልቅ አውራ ጣቱ ባሱን ያቆምና ድምፁ ለሁለት ስንኝ ብቻውን ይቀራል።» ይህን ያነበበ ያቺን ቦታ ሊሰማ ይጫናል።

ማግኘቱን ደግሞ ለማሽን አትተዉት። በየሰኞው 30 ዘፈን የሚያቀርበው የስፖቲፋይ ዝርዝር ከ2015 ጀምሮ በዋናነት የሌሎችን የማድመጥ ልማድ እያነጻጸረ ነው የሚሠራው። አድማጭ የሌለው ዘፋኝ የሚነጻጸርበት ነገር የለውም። ይልቅ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ አልበም ባንድካምፕ ላይ ክፈቱ፤ ሥር የገዙት ሰዎች ምስል ተደርድሯል። በሺዎች የሚቆጠር አልበም የገዛውን እለፉት፣ ምርጫው አይታይም። ከእናንተ ጋር ሁለት ወይም ሦስት ብርቅ አልበም የሚጋራውን ያዙና ግዢዎቹን አንድ በአንድ አድምጡ። ቀጥሎ ማን ቀረጸው፣ ቫዮሊኑን ማን ተጫወተ የሚለውን አንብቡ፤ በፎክ ዓለም ያው ቀራጭ ለብዙ ጎረቤት ዘፋኞች ይሠራል።

ማህደረ ዜማ፦
የገንዘቡ ነገር ገብቶኛል። ሊንኩ ሲሞትስ? ዘፈንን ለየመድረኩ የሚያደርሱ፣ በዓመት ክፍያ የሚሠሩ አከፋፋዮች አሉ፤ ዘፋኙ ክፍያውን ካቆመ ዘፈኑ ከየመድረኩ ሊወርድ ይችላል። በሌላ አከፋፋይ ሲመለስ አድራሻው ተቀይሯል፣ የእኛም ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ይዞ ይቀራል። ቢያንስ ርዕሱን፣ አልበሙን፣ ዓመቱንና አይኤስአርሲውን በጽሑፍ አስቀምጡ። 12 ፊደልና አኃዝ ያለው የቅጂው መለያ ነው፤ ዘፋኙ ያንኑ ይዞ ከተመለሰ ቅጂውን መልሶ ማግኘት ይቻላል።

ሌላም ልጠይቅ። የጥንት የሕዝብ ዘፈን ባለቤት የለውም፤ እሱን የዘፈነ ወጣት ፋይል ቢጋራ ማን ይከሳል?

ሚዛን፦
ዘፋኙ ራሱ ሊከስ ይችላል፤ ባለቤት የሌለው ዜማው እንጂ ቅጂው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1923 በፊት የወጡ ቅጂዎች ነፃ የሆኑት ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት የቅጂ መብት ቅጂው ከወጣ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ያለፈው ዓመት ቅጂ ዜማው የቱንም ያህል ቢያረጅ የዘፋኙ ነው። በራሱ ያቀናበረው ነገር ካለበት ደግሞ ቅንብሩም ሊጠበቅለት ይችላል።

ስድስት ክር፦
ሁለታችሁንም የሚያስማማ መንገድ አለ። ዘፋኙ አንዱን ዘፈን በራሱ ባንድካምፕ ገጽ «የፈለጋችሁትን ክፈሉ» ብሎ ዝቅተኛውን ዜሮ ያድርገው። አድማጩ ፋይሉን ያገኛል፣ በሩ ግን የዘፋኙ ነው፤ ሲፈልግ ይዘጋዋል። አንድ ወጥመድ አለው። የነፃ ማውረጃ ኮታው በወር 200 ነው። ጽሑፋችሁ ብዙ ሰው ከሳበ በሁለተኛው ቀን ሊያልቅና የመጣው ሁሉ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ከመለጠፋችሁ በፊት ንገሩት፣ ኮታ ይጨምር ወይም ዝቅተኛ ዋጋ ያስቀምጥ።

ጆሮ ጠቢ፦
ይሄ ይሻላል። ፈቃድ ከሰጠ በኋላ ለአሳታሚ ቢፈርምስ?

ሚዛን፦
ኢሜይሉ ላይ ማብቂያ ቀን ከተጻፈ ጭቅጭቅ የለም። ካልተጻፈና አውርዱት ካሉ ማውረጃው ይነሳ፤ ጽሑፉና ሊንኩ ይቆያል።

ማህደረ ዜማ፦
እሺ ይነሳ። ለማህደር የሚሆን ቅጂ ግን ከየት ላምጣ? ባንድካምፕ ላይ በነፃ የሚደመጠው ጥራቱ የተቀነሰ፣ 128 ኪሎቢት ነው፤ እሱን ገልብጦ ማስቀመጥ ማህደር አይባልም።

ስድስት ክር፦
ይግዙታ ጋሼ። ለገዢ ኤፍላክም ዌቭም (ጥራታቸው ያልተቀነሰ የፋይል ዓይነቶች) ያወርዳል፤ ከማውረድዎ በፊት ዓይነቱን ከዝርዝሩ ይምረጡ።