ከእስርና ከድብደባ በኋላ ሰውነትን ማከም፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን አባላት፣

እህታችን፣ አገር ቤት ታስሮ ብዙ የተደበደበው ወንድሟ እንቅልፍ እንደሚያጣ፣ ራሱንና ጨጓራውን እንደሚያመው፣ በምርመራ ግን ምንም እንዳልተገኘበት ገልጻ፣ ስለደረሰበት ሲጠየቅ ዝም ስለሚል ሳይናገር የሚረዳበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ጠይቃለች። በአስተርጓሚነት ሥራዬ እንዲህ ያሉ ወገኖችን ስለማገኝ የማውቀውን ላካፍል።

መንገዱ አለ። ድብደባና ፍርሃት ያየ ሰውነት አደጋው ካለፈ በኋላም እንደ ዘብ ነቅቶ ይቀራል፤ ሕመሙም የውሸት አይደለም። «ሆድ ይፍጀው» እየተባለ ያደገ ሰው ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ለማያውቀው ባለሙያ ሁሉን እንዲዘረዝር ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ በሊንከን ሆስፒታል ለሱስ ሕክምና የተጀመረው የጆሮ አኩፓንክቸር ዛሬ መከራ ላለፈባቸው ሰዎችም ይሰጣል። በእያንዳንዱ ጆሮ ላይ እስከ 5 ቀጫጭን መርፌዎች ይደረጉና፣ ሰዎቹ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አንድ ክፍል ውስጥ ዝም ብለው አብረው ይቀመጣሉ። ታሪክ የሚጠይቅ የለም፤ ከመግቢያው ማብራሪያ በኋላ አስተርጓሚ እንኳ አያስፈልግም። ቁስሉን ያሽራል ለማለት ማስረጃው ገና ደካማ ነው፤ ሆኖም ሌሊት የማይተኙ ሰዎች እዚያው ወንበር ላይ ሲያሸልቡ አይቻለሁ።

ለዚህ ችግር ተብሎ የተዘጋጀው ዮጋ የተሻለ ጥናት አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ሌላ ሕክምና ሞክረው ካልተሻላቸው 64 ሴቶች መካከል ለ10 ሳምንት ዮጋውን ከወሰዱት 52 በመቶዎቹ ከመከራ በኋላ የሚመጣውን የጭንቀት ሕመም (PTSD) መስፈርት ከማሟላት ወጥተዋል፤ በንጽጽር የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ውስጥ ግን 21 በመቶዎቹ ናቸው። ዮጋ ከሃይማኖታቸው ጋር እንዳይጋጭ የሚሰጉ ምእመናን ስጋታቸው ይገባኛል። በዚህኛው ግን ዝማሬም ጸሎትም የለም፤ አስተማሪዋም ተማሪውን አትነካም፤ «ከፈለግህ ክንድህን አንሣ» ትላለች እንጂ አታዝም። ሌሎች እንዳሻቸው ላደረጉት ሰውነት፣ ለማንሣትም ላለማንሣትም ራስ መወሰን ቀላል ነገር አይደለም።

ወፌ ላላ የተገረፈ ሰው ከዓመታት በኋላም ውስጥ እግሩን ሊያመው፣ አካሄዱም ሊለወጥ ይችላል፤ ለዚህ ፊዚዮቴራፒ ይረዳል። ጥሩ ባለሙያ እግሩን ከመንካቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጫማውንም ሰውየው ራሱ እንዲያወልቅ ይተወዋል፤ ከኋላው መጥቶ አይቆምም። ይህን የማያደርግ ካጋጠማችሁ ሳታመነቱ ሌላ ፈልጉ።

ጸበል የሚጠመቁ፣ የሚሰግዱ ወገኖቻችንን ተዉ ማለት አይገባም፤ ብዙዎችን ያቆማቸው እሱ ነው። የሚያሳስበኝ ለጸበሉ ሲባል መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ ምእመናንን መክረዋል፤ ለእንቅልፍና ለጭንቀት በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትም ከዚህ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምትኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ታስክ (TASSC) የተባለ ድርጅት ሥቃይ የተፈጸመባቸውን ጥገኝነት ጠያቂዎች በሕግም በሥነ ልቦናም ይረዳል፤ ከሚያገለግላቸው መካከል ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ሐኪም ስለ ጠባሳውና ስለ ሕመሙ የሚጽፈው ሪፖርት ማስረጃ ሊሆነው ስለሚችል፣ ቶሎ መታየቱ በብዙ ይጠቅመዋል።

እህቴ፣ ወንድምሽ የሚያስተረጉምለት ሰው ወሬውን በሰፈር ያዛምትብኛል ብሎ ፈርቶ ከሆነ፣ የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኙ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በስልክ የሚያስተረጉም፣ ሌላ ስቴት ያለ ሰው እንዲሰጠውም መጠየቅ ይችላል። ቀጠሮ ስትይዢለት ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።