ፌሪቲን 9፣ ሄሞግሎቢን 12.6፦ ደም ማነስ አለብኝ ወይስ የለብኝም?

መምህሯ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። 34 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል። ጠዋት ሳበጥር ፀጉሬ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ይወጣል። ክፍል ውስጥም ሰሌዳውን ተደግፌ ነው የማስተምረው። ተመርምሬ ወረቀቱ ላይ ሄሞግሎቢን 12.6፣ ፌሪቲን 9 ይላል። ከፌሪቲኑ አጠገብ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አለ። ያየኝ ሐኪም ግን «ደምሽ ጥሩ ነው» ብሎ ሸኘኝ። ታዲያ ቀስቱ ምንድነው? የወር አበባዬ ሰባት ቀን ይቆያል፤ ብዙም ይፈሰኛል።

የላብራቶሪ ሰው፦
እህቴ፣ ሁለቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ፌሪቲን ጎተራው ነው፤ ሰውነትሽ ያከማቸውን ብረት ያሳያል። ሄሞግሎቢን ደግሞ በብረት የሚሠራ፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ነገር ነው፤ ዛሬ ከምጣድ የወጣው እንጀራ በዪው። ጎተራው ቢራቆትም ቤት ያለው ዱቄት እስኪያልቅ ይጋገራል። ለዚህ ነው ሄሞግሎቢንሽ ሳይወርድ ብረትሽ ያለቀው።

የዓለም ጤና ድርጅት በጤነኛ አዋቂ ሰው ላይ ከ15 በታች የሆነ ፌሪቲንን የብረት እጥረት ይለዋል። ብዙ ሐኪሞች ከ30 በታች ሲያዩም ይጠረጥራሉ። ያንቺ 9 ነው፤ በየትኛውም መለኪያ ዝቅ ያለ ነው።

12.6ቱም ቢሆን አያዘናጋሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ሄሞግሎቢኑን ከፍ ያደርጋል። ለሴት 12 ይበቃል የሚባለው ለቆላ ሰው ነው፤ እዚህ ከፍታው ሲታሰብ 12.6 ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ይህንን ሐኪምሽን በግልጽ ጠይቂው።

መምህሯ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን በቀን ሁለቴ የጤፍ እንጀራ እየበላሁ ብረት እንዴት ያልቃል? ጤፍ ብረት ነው ሲባል ነው ያደግነው!

የላብራቶሪ ሰው፦
ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት የተወሰነው ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፤ ሰውነት ይህንን በደንብ አይወስደውም። እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም ብረቱን ይይዘዋል። በእርሾ በደንብ የተቦካ ሊጥ ይሻላል። ግን በየወሩ ብዙ ደም እየፈሰሰ በእንጀራ ብቻ መተካት ይከብዳል።

ጡረተኛዋ ነርስ፦
ልጄ፣ እኔ የምጨነቀው ለሚፈሰው ደም ነው። ጎተራው ቀዳዳ ካለው ምን ቢሞላ አይጠራቀምም። የማህፀን ሐኪም ይይሽ። ሆድሽን የሚያቃጥልሽ ከሆነም የጨጓራ ባክቴሪያና የሰገራ ምርመራ ጠይቂ፤ መንጠቆ ትል የሚባለው የአንጀት ትል ደም ይመጥጣል።

የብረት ኪኒን ከታዘዘልሽ ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ጋር እንዳትወስጂው። ምሳ አልቆ ወዲያው ቡና ይፈላል አይደል? አቦሉን ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት አቆዪው። ኪኒኑን በብርቱካን ጭማቂ ወይም ሎሚ ጠብ በተደረገበት ውሃ ዋጪው። ሰገራሽ ይጠቁራል፤ አትደንግጪ። ሆድሽን ከቆረጠሽ ዝም ብለሽ አታቋርጪ። ሐኪምሽ አንድ ቀን እየዘለልሽ እንድትወስጂ ሊያደርግሽ ይችላል፤ እንደዚያም በደንብ ይሠራል። ደህና ነኝ ብለሽም ቶሎ አትተዪው፤ ጎተራ ለመሙላት ወራት ይፈጃል። ደግሞ አደራ፣ ኪኒኑን ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጪ። ለሕፃን መርዝ ነው።

የአባቱ ልጅ፦
ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። የአባቴ ፌሪቲን 640 መጣ። ብረት በዛበት ማለት ነው?

የላብራቶሪ ሰው፦
የግድ አይደለም ወንድሜ። ኢንፌክሽን ወይም ሌላ የሰውነት መቆጣት ሲኖር ፌሪቲን ይጨምራል። ጉበት ላይ ስብ ሲኖር ወይም አልኮል ሲበዛም እንዲሁ። በራሳችሁ ብረት አትስጧቸው። ሲአርፒ (የሰውነት መቆጣትን የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ የጉበት ምርመራና የትራንስፈሪን ሳቹሬሽን (በደም ውስጥ ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን ምን ያህል ብረት እንደያዘ የሚያሳይ) ይታይላቸው። መምህሯም ልብ በዪ፦ ጉንፋን ይዞሽ ብትመረመሪ ፌሪቲንሽ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ሲሻልሽ ተመርመሪ።

መምህሯ፦
እትዬ፣ እንዳሉኝ ዛሬ ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ። ሌላ ሐኪም አይታኝ ኪኒን አዘዘችልኝ፤ ለማህፀን ሐኪምም ጻፈችልኝ። ከሦስት ወር በኋላ ፌሪቲኑ እንደገና ይታያል። ቡናውን ከዛሬ ጀምሮ ወደ አስር ሰዓት አዙሬዋለሁ።