ዊንዶውስ 7ን ከነአፕዴቱ የያዘ ዲስክ ስሠራ ስህተት ያሳየኛል፤ ለሰኞ መድረስ አለበት

የሐይቁ መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐይቅ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ያሉትን 18 ኮምፒውተሮች ተማሪዎች ሰኞ ከመግባታቸው በፊት ፎርማት ማድረግ አለብኝ። አፕዴቱን ለእያንዳንዳቸው በሞባይል ዳታ ማውረድ ስለማልችል አንድ ጊዜ አውርጄ ከመጫኛው ዲስክ ጋር ላዋህደው ተነሣሁ። ሆኖም የዊንዶውሱን ቅጂ (ኢሜጁን) የያዘውን ኢንስቶል ዊም የተባለ ፋይል ዲዝም በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ከፍቼ ትልቁን የአፕዴት ጥቅል ኬቢ 3125574ን (ኬቢ የማይክሮሶፍት አፕዴቶች መለያ ቁጥር ነው) ሳስገባ 0ኤክስ800ኤፍ081ኢ የሚል ስህተት አምጥቶ ይቆማል። ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት፤ ምን ጎደለኝ?

ቦርከና፦
መምህር፣ ከስህተቱ በፊት ሐሳቡን ራሱን ቢመረምሩት ይሻላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ሲሆን፣ እርስዎ የያዙት ጥቅል ደግሞ እስከ አፕሪል 2016 የወጡትን አፕዴቶች ብቻ የሰበሰበ ነው። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ላብራቶሪ ውስጥ ይህን መጫን በሩን ከፍቶ እንደማደር ስለሆነ፣ ቀለል ያለ ሊኑክስ ቢጭኑ እመርጣለሁ።

የሐይቁ መምህር፦
ምክርዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ማሽኖቹ ያላቸው 2 ጊጋ ራም ብቻ ነው፣ ኢንተርኔትም የላቸውም፣ ልጆቹ የሚፈተኑትም በወርድና በኤክሴል ነው።

ደሴ ፒያሳ፦
ፋይሉ ሲወርድ ተበላሽቶ ይሆናል፤ እንደገና አውርደው ይሞክሩት።

ጦሳ፦
አብሽሩ መምህር፣ ዳታዎን በከንቱ አይጨርሱ። ያ ስህተት ጥቅሉ ለኢሜጁ አልተስማማም ማለት ነው፤ 3125574 ደግሞ ኬቢ 3020369 ቀድሞት ካልገባ አይቀበልም። እሱ ትንሽ ፋይል ነው፤ አፕዴት የሚያስገባውን የዊንዶውስ ክፍል ራሱን ያድሰዋል። ዲስኩ ሰርቪስ ፓክ 1 የተባለው የዊንዶውስ 7 ትልቅ ማሻሻያ ያለበት መሆኑን፣ ዲስኩና ሁለቱ ፋይሎችም ሁሉም 32 ቢት ወይም ሁሉም 64 ቢት መሆናቸውን ይመልከቱ፤ የትኛው እንደሆነ አልነገሩንም። ከ2019 አጋማሽ ወዲህ የወጡትን ለመጨመር ካሰቡ ኬቢ 4490628 እና ኬቢ 4474419 ይቅደሙ።

ደሴ ፒያሳ፦
እኔ ግን እንደገና ሳወርደው ነው የሠራልኝ።

ላስታ፦
ጦሳ ያለው ትክክል ነው፤ እኔን ያቃጠለኝን ልጨምር። አንድ ሌሊት ሙሉ ሠርቼ ዲቪዲውን ካቃጠልሁ በኋላ ጠዋት ስጭነው አንድም አፕዴት አልነበረበትም። በአንዱ ኢንስቶል ዊም ውስጥ ሆም፣ ፕሮፌሽናልና አልቲሜት የሚባሉት የዊንዶውስ ዓይነቶች እየተቆጠሩ ይቀመጣሉ፤ እኔ አፕዴቱን ያስገባሁት ቁጥር 1 ላይ፣ የጫንሁት ግን ፕሮፌሽናልን ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ዝርዝሩን አውጥተው የሚጭኑትን ቁጥር ይለዩ፤ ኢሜጁን ሲዘጉም ለውጡን የሚያስቀምጠውን ኮሚት የሚለውን ቃል በትእዛዙ ላይ ካልጻፉ የለፉበት ሁሉ ይጠፋል። ኢሜጁ የሚከፈትበት ፎልደር ፍላሽ ላይ ሳይሆን ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት ፎርማት በተደረገ ሃርድ ዲስክ ላይ ይሁን። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ኢሜጁ እንደተከፈተ ስለሚቀር፣ በዲዝም የማጽጃ ትእዛዝ አስወግደው ከንጹሕ ቅጂ ይጀምሩ። ባትሪው በሚይዝ ላፕቶፕ ቢሠሩ ከዚህ ሁሉ ይድናሉ።

ወረባቦ፦
3020369ን ያስቀድሙ፤ ለእኔም የሠራው እሱ ነው።

ቦርከና፦
ካልቀረ እንግዲህ፣ አውቶረን የሚባለው በሁሉም ማሽን ላይ ይዘጋ። በድሮዎቹ ዊንዶውሶች ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚነሣው ቫይረስ መንገዱ በዚያ ነበር።

የሐይቁ መምህር፦
ዲስኩ 64 ቢት ሆኖ ያወረድሁት ጥቅል የ32 ቢት ኖሯል። የ64 ቢቱ ግማሽ ጊጋ ሊሞላ ምንም ስለማይቀረው ለማውረድ ወደ ደሴ እየሄድሁ ነው፤ 3020369 ግን ያለ ችግር ገብቷል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ማታ እነግራችኋለሁ።

ወረባቦ፦
መምህር፣ ከተሳካልዎት ባዶ ዲቪዲ ይዤ ሐይቅ ድረስ እመጣለሁ። የእኛም ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች እንደዚያው ናቸው።