የሥራ ቀን እራት በግማሽ ሰዓት፦ ጨቅላ ልጅ ላለበት ቤት ምን ይመከራል?

ጥያቄ — አዲስ አባት፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁም። የመጀመሪያ ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ ወጥ ሲሠሩልን የቆዩት አማቴ ነበሩ። ልጃችን ሴት በመሆኗ በ80ኛ ቀኗ ክርስትና ተነሣች፤ ከዚያ በኋላ እርሳቸው ወደ ጎንደር ተመለሱ። ባለቤቴ ከወለደች በኋላ የምታገኘው የ90 ቀን ፈቃድም ወዲያው ስላለቀ፣ አሁን ሁለታችንም ቤት የምንደርሰው ከመሸ ነው። ሕፃኗ ጡት የምትፈልገው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ስለሆነ፣ እራት የማዘጋጀቱን ኃላፊነት እኔ ወስጃለሁ።

እንቁላል መጥበስና ፓስታ መቀቀል አያቅተኝም፤ ነገር ግን በየምሽቱ በእነርሱ ብቻ መዝለቅ አልተቻለም። ምስር ወጥ ለመሥራት ስነሣ ሽንኩርቱን ማቁላላት ብቻ አንድ ሰዓት ሊወስድ ምንም አይቀረውም፤ ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ የተሠራ ወጥ ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይላል። በዚያ ላይ እኔ ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ፤ ባለቤቴ ግን የምታጠባ በመሆኗ አትጾምም፤ በእነዚህ ቀናት ሁለት ዓይነት ወጥ ለየብቻ መሥራት ከአቅሜ በላይ ሆኗል። እንጀራ እንገዛለን፤ ባለ ሁለት ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃና ፍሪዘር ያለው ማቀዝቀዣ አለን። በዚህ ውስጥ ያለፋችሁ ሰዎች፣ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ የሚደርስና እንደ እራት የሚቆጠር ምግብ እንዴት እንደምታዘጋጁ ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ — የሁለት ልጆች እናት፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ እንኳን ማርያም ማረችልዎ! ችግሩን እርስዎ ራስዎ ተናግረውታል፤ ጊዜ የሚበላው ሽንኩርቱ ነው። የተከካ ቀይ ምስር መዘፍዘፍ ሳያስፈልገው በ20 ደቂቃ ገደማ ይበስላል፤ ሽሮም ቢሆን ከዚያ አይበልጥም። ስለዚህ ቁሌቱን ከሥራ ቀን አውጥቶ አስቀድሞ መሥራት ነው።

እኔ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ እከትፍና ሰፋ ባለ ድስት፣ ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት በደረቁ አቁላላዋለሁ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ውኃውን ይለቃል፤ ውኃው ሲመጥ ከድስቱ ሥር መያዝ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ማማሰል ሳያቋርጡ ጥቂት ጥቂት ውኃ ጠብ ማድረግ ያስፈልጋል። ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲያዘነብልና ከግማሽ በታች ሲሟሽሽ ዘይት፣ ከዚያም የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እጨምርበታለሁ። እዚህ ላይ ግማሹን ለአልጫ እቀንሳለሁ። በቀረው ላይ በርበሬ አድርጌ፣ እንዳያር ትንሽ ትንሽ ውኃ እየሰጠሁ፣ የበርበሬው ጥሬ ሽታ እስኪጠፋና ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ አቆየዋለሁ። ጨውና መከለሻ አልጨምርም፤ እነርሱ ወጡ በሚሠራበት ዕለት ይደርሳሉ።

ሰኞ ማታ የሚቀረው ሥራ ሁለት ጭልፋ ቁሌት ድስት ላይ ማድረግ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ምስር አጥቦ መጨመርና የፈላ ውኃ ማከል ብቻ ነው። ምስሩ እስኪበስል ልብስ መቀየርም ሆነ ልጅ መቀበል ይቻላል።

የረቡዕና የዓርቡም ነገር ከዚሁ ይፈታል። ቁሌቱ በዘይት ብቻ የተሠራ ስለሆነ ወጡ ለሁለታችሁም ይሆናል፤ ከመውጣቱ በፊት የባለቤትዎን ድርሻ በትንሽ ድስት ለይተው ንጥር ቅቤ ጣል ያድርጉበት፤ የተቀቀለ እንቁላልም ያክሉበት። የምታጠባ ሴት ቶሎ ቶሎ ይርባታልና ሽሮ ብቻውን አይበቃትም።

መልስ — የምግብ ዝግጅት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ነገር ግን አቀማመጡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት የተቁላላበትን ድስት እንደ ጋለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ጥሩ አይደለም፤ ዳሩ ቢቀዘቅዝም መሐሉ ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ስለሚቆይ ለተህዋስያን ይመቻል። ቁሌቱን በሰፊ ትሪ ላይ በሥሡ ዘርግቶ ማብረድና ከምድጃ በወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማስገባት ይገባል። በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ የሚያልቀው ከታች ይቀመጥ፤ የቀረው ለአንድ እራት በሚበቃ መጠን እየተከፈለ በትንንሽ ላስቲክ ጠፍጠፍ ብሎ ፍሪዘር ይግባ። ጠፍጣፋው ድስት ላይ በደቂቃዎች ይሟሟል፤ በጎድጓዳ ዕቃ የረጋው ግን የቆጠባችሁትን ጊዜ መልሶ ይወስደዋል። መብራት ሲጠፋ የፍሪዘሩን በር አለመክፈት ነው፤ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል፣ በግማሽ የሞላ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ክክና ሽምብራን ይመለከታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ጥራጥሬ እዚህ አልበስል የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። ለአራስ ቤት አንድ ዕቃ ግዙ ብባል ፕሬዠር ኩከር እላለሁ፤ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከፍ ስለሚያደርገው፣ የአተር ክክ በተለመደው ድስት ከሚፈጀው ጊዜ በጥቂቱ ይደርሳል። ሽምብራ ግን በዚህም ዕቃ ቢሆን አድሮ የተዘፈዘፈ መሆን አለበት።

መልስ — የአንድ ልጅ አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

የሁለታችሁም ምክር መልካም ሆኖ ሳለ፣ እሑድን ለሽንኩርት መስጠት ላይ አልስማማም። ሌሊቱን ሲነሣና ሲተኛ የሚያድር ወላጅ እሑድ ቀን ያገኛትን ሰዓት ቢተኛባት ይሻላል። እራት የግድ ወጥ መሆን አለበት ያለውስ ማን ነው?

እኛ እዚህ አገር ረዳት ሳይኖረን ልጅ ስናሳድግ ያቆመን ፍርፍር ነበር። አንድ ራስ ሽንኩርት በዘይት ይቁላላል፤ በርበሬና ሁለት የተከተፈ ቲማቲም ይጨመርበታል፤ ውኃ ጠብ ተደርጎበት ሲንተከተክ ያደረ እንጀራ ይቆራረስበታል። ለፍርፍር ብዙ ሽንኩርት ስለማያስፈልግ ከ15 ደቂቃ አያልፍም፤ ቋንጣ ቢገባበት ደግሞ የሚያጠግብ እራት ይሆናል። ቋንጣው ግን አስቀድሞ በውኃ ትንሽ መፍላት አለበት፤ አለዚያ ማኘኩ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ለጾም ቀን ቲማቲም ፍትፍትን የሚያህል የለም። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይከተፋሉ፤ ዘይት፣ ሎሚና ጨው ይጨመራል፤ እንጀራው ይፈተፈትበታል። እሳት ስለማይነካው መብራት በጠፋበት ምሽትም ይሠራል፤ ልጅ ታቅፎ እንኳ ከመክተፉ በቀር ሌላው በአንድ እጅ ይሆናል። በፍስክ ቀን ደግሞ ሥጋውን ገና ሲገዛ ለጥብስ አድርጎ መክተፍና በየእራቱ ከፍሎ ፍሪዘር ማስገባት ብዙ ጊዜ ያተርፋል፤ ዋዜማውን ወደ ማቀዝቀዣው ታች ማውረድ እንዳይረሳ ብቻ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰኞና ረቡዕን በቁሌት፣ የቀሩትን ቀናት በፍርፍርና በፍትፍት ለማድረግ አስቤያለሁ፤ ቁሌቱንም በሦስት ኪሎ ሳይሆን በአንድ ኪሎ እጀምራለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ሽሮው እንዳይጓጉል ምን ይደረጋል? ልጃችን ስድስት ወር ሲሞላትና ምግብ ስትጀምር ከዚሁ ድስት መስጠት ይቻል ይሆን?

መልስ — የሁለት ልጆች እናት፣ ባሕር ዳር

ሽሮውን በቀጥታ የፈላ ውኃ ላይ አይበትኑት፤ አስቀድመው በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ቀስ እያሉ ቁሌቱ ላይ ያፍስሱና እስኪፈላ ድረስ ያማስሉት። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰው ክዳኑን ገርበብ ያድርጉት። ሽሮ ሲንተከተክ ይፈናጠራል፤ የፍንጣሪው ቃጠሎ ቀላል ስላልሆነ ሕፃኗን ታቅፈውም ሆነ አዝለው ምድጃው አጠገብ አይቁሙ።

ለልጅዎ ከቀዩ ወጥ አይሆንም፤ ለአልጫ የተቀነሰው ቁሌት ግን ያን ጊዜ ይጠቅማችኋል። ክኩ በእርሱ በደንብ ከበሰለ በኋላ፣ ጨውና ቃሪያ ሳይገባበት የእርሷን ድርሻ ያውጡና በማንኪያ ጀርባ አልሞ ማድቀቅ ነው፤ እንዳይቀጥንም ይጠንቀቁ፤ ከማንኪያው ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ውኃው በዝቷል። ዓመት እስኪሞላት ድረስ ማር እንዳይሰጣት ለአማትዎም አስቀድመው ይንገሯቸው፤ አያቶች ማር ማቅመስ ይወዳሉ።