ዝናቡ የእግዚአብሔር ነው፤ የግንባታው ፈቃድስ?

አድሚን፦ ጥያቄው ለቅሶ ቤት የተነሳ ነው። አንድ አባት «ያለ እሱ ፈቃድ ቅጠል አትረግፍም» አሉ። አንዱ ጎረምሳ ቀበል አድርጎ «ደቻቱንም እሱ ነው የላከው?» አለ። በ1998 ክረምት የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው እንደወሰደ ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሁሉ በእግዚአብሔር እጅ ከሆነ የሰው ነጻ ፈቃድ የቱ ጋ ነው? ስድብ የለም። ጥቅስ ስታመጡ ምዕራፉን ጻፉ።

የከዚራው፦ አቦ፣ ይሄ ምን ያከራክራል? ሮሜ 9 ሸክላ ሠሪው በጭቃው ላይ ሥልጣን አለው ይላል። አንድ ነገር እንኳ ከእጁ ካመለጠ፣ እሱን ተማምኜ እንዴት እተኛለሁ?

የሳቢያን ልጅ፦ ሁሉን ወስኖ ከጨረሰስ እንዴት ንስሐ እገባለሁ? ሲራክ 15 እሳትና ውሃ በፊትህ አኑሯል፣ እጅህን ወደ ወደድከው ትሰዳለህ ይላል።

የከዚራው፦ ሲራክ እኛ ፕሮቴስታንቶቹ ጋ የለም። ከ66ቱ መጻሕፍት አምጣ።

የሳቢያን ልጅ፦ እሺ፣ ዘዳግም 30፥19። ሕይወትና ሞትን አቅርቦ «ምረጥ» ይላል። መምረጥ የማይችለውን ሰው ምረጥ ማለት ማሾፍ ነው።

የከዚራው፦ መታዘዝና መቻል ይለያያል። የጥንቱ መነኩሴ ጴላግዮስ ሰው ከፈለገ ይችላል አለ። ጳጳሱ አውግስጢኖስ ደግሞ ፈቃዱ ራሱ ታሟል፣ ጸጋ ካልደገፈው አይነሳም አለ። የካርቴጅ ጉባኤ በ418 እ.ኤ.አ. የጴላግዮስን ትምህርት እንዳወገዘ ታውቃለህ።

የደቻቱ ዳር ልጅ፦ ሁለታችሁም መጽሐፍ ውስጥ ቀራችሁ። የወንዙ አሸዋ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ያንከባልልበታል፣ ቤትም ጠጋ ጠጋ እያለ ይሠራል። ከዚያ ደጋው ላይ ይጥላል። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ውሃው ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይደርሳል። ይሄን እያወቁ ዝም ያሉ አሉ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ሲባል እነሱም አብረው ይሸፈናሉ። ዝናቡን ለእሱ እሰጣለሁ። የግንባታውን ፈቃድ ግን እሱ አልፈረመም። ሁሉ የተወሰነ ከሆነ ኋላ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ለምን ተሠራ?

የከዚራው፦ ግንቡም ተወስኖ ነዋ። ስቀሽ እንዳታልፊ። ሐዋርያት ሥራ 27ን አንብቢ። መርከቧ ላይ አንድም ሰው እንደማይጠፋ መልአኩ ለጳውሎስ ነገረው። ጳውሎስ ግን መርከበኞቹ ሊያመልጡ ሲሉ «እነዚህ ካልቆዩ ልትድኑ አትችሉም» አለ። መጨረሻውን የወሰነ መንገዱንም ወስኗል።

የሳቢያን ልጅ፦ ይሄ እንኳ ጥሩ አመጣህ። ግን መርከበኞቹ መሸሽ ይችሉ ነበር፤ ባይችሉ ምን ያስጮኸዋል? ፈርዖንም እንደዚያው ነው። ዘጸአት 8 ላይ ልቡን ራሱ አደነደነ። እግዚአብሔር አጸናው የሚለው 9፥12 ላይ ነው። ቀድሞ ማወቅ ማስገደድ አይደለም።

አድሚን፦ ሉቃስ 13ን ማንም አላነሳም። የሰሊሆም ግንብ 18 ሰው ገደለ። ጌታ ሟቾቹ ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች አይደሉም አለ። ለምን እንደወደቀባቸው ግን አላብራራም፤ ወደ ሰሚዎቹ ዞሮ ንስሐ ግቡ አለ። እኔ ለደቻቱ ዳሯ አደላለሁ።

የከዚራው፦ አንተ አድሚን ነህ ጠበቃ? እሺ፣ ዝናቡን ለእሱ ከሰጠሽ፣ ማቆም ይችል ነበር። ለምን አላቆመም?

የደቻቱ ዳር ልጅ፦ እሱን እኔም በጸሎት እጠይቀዋለሁ። ቦታውን የመራውን ሰው ግን ነገ ጠዋት ቢሮው ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

የከዚራው፦ ይሄ መልስ አይደለም አቦ።