ላይብረሪ ስትለቁ ለዲፔንደንሲው (ለሚመረኮዝበት ሌላ ፓኬጅ) ጣሪያ፣ ማለትም የቨርዥን ከፍተኛ ወሰን፣ ታስቀምጣላችሁ?

ናቲ፦ ክርክሩን ላይብረሪ ላይ ብቻ እናድርገው፤ አፕሊኬሽን ትክክለኛ ቨርዥኖቹን የሚቆልፍ ሎክ ፋይል ስላለው እዚያ ብዙ የሚያጣላ ነገር የለም። የእኔ አቋም ጣሪያ ይቀመጥ ነው። >=1.0 ብሎ ክፍቱን ከመተው >=1.0,<2 ማለት ይሻላል። ጂንጃ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ በ2.11 ቨርዥኑ ማርክአፕሴፍ የሚባለውን ሌላ ላይብረሪ የጠየቀው >=0.23 ብሎ ብቻ ነበር። ፌብሩዋሪ 2022 ላይ ማርክአፕሴፍ 2.1.0 ወጣና ሶፍት_ዩኒኮድ የሚባለውን ፈንክሽን አነሳው። አንድ መስመር ኮድ ያልነካ ሰው እንደገና ኢንስቶል ሲያደርግ ፕሮግራሙ ገና ኢምፖርት ላይ ወደቀ።

ሰላማዊት፦ <2 ቢባል ኖሮ እኮ 2.0ም አብሮ ይታገድ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከጂንጃ 2.11 ጋር ማስጠንቀቂያ ከማሳየት በቀር ይሠራል። <3 ብትል 2.1.0ን አያስቀርልህም። የሰበረው ማይነር (የመሃለኛው ቁጥር የተቀየረበት) ሪሊዝ ነዋ!

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ፓይተን ላይ በአንድ ኢንቫይሮመንት ውስጥ የአንድ ፓኬጅ አንድ ቨርዥን ብቻ ነው የሚቀመጠው። አንተ <2 ብለህ ሌላው ላይብረሪ >=2 ካለ፣ ሁለታችሁንም የሚፈልግ ሰው መውጫ የለውም። ጣሪያ ካልነበረህ ተጠቃሚው ቨርዥን በሚገድበው ኮንስትሬይንት ፋይል ላይ <2.1 ብሎ አንድ መስመር ጨምሮ ያልፈዋል። አንተ ያስቀመጥከውን ጣሪያ ግን በፒፕ (በፓይተን ፓኬጅ መጫኛው) ሊያነሳው አይችልም፤ ኮንስትሬይንት ያጠባል እንጂ አያሰፋም። ዩቪ የሚባለው ሌላ መጫኛ ጣሪያውን የሚሽር ኦቨርራይድ አለው፣ ሁሉም ግን ዩቪ አይጠቀምም።

ዘሪሁን፦ እኛ ጋ ጸቡ እንዲህ አይደለም። የረስቱ ካርጎና የጃቫስክሪፕቱ ኤንፒኤም የአንድ ፓኬጅ ሁለት ሜጀር (የመጀመሪያ ቁጥራቸው የተለያየ) ቨርዥን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ ስለዚህ ጣሪያ የሚያስቀምጠው ^ ምልክት ማንንም አያግትም። የሚያስቸግረው በዜሮ የሚጀምር ቨርዥን ነው። ^1.2.3 ከ2.0.0 በፊት ያለውን ሁሉ ይወስዳል፤ ^0.2.3 ግን 0.3.0 ላይ ይቆማል፤ ^0.0.3 ደግሞ ከ0.0.3 ሌላ ምንም አይቀበልም። ይህን የማያውቅ ሰው የባግ ማስተካከያው ለምን እንዳልደረሰው ሲፈልግ ይውላል። ሪአክትን (የድረ ገጽ መሥሪያ ላይብረሪውን) የመሰለ ሁለት ቅጂ የማይችል ነገር ከሆነ ፒር ዲፔንደንሲ (ከተጠቃሚው ፕሮጀክት ጋር የምትጋሩት) አድርጉት፣ አለዚያ ሁክ የሚባሉት ፈንክሽኖቹ ይሰበራሉ።

ናቲ፦ ደህንነቱስ? ክፍት በር የትም ክፍት በር ነው።

ዘሪሁን፦ ጣሪያ እዚያ ላይ አይረዳህም። ጃንዋሪ 2022 ከለርስ የሚባለው የኤንፒኤም ፓኬጅ ባለቤት ራሱ የማያልቅ ሉፕ ጨምሮ 1.4.1ን ለቀቀ። ^1.4.0ም ~1.4.0ም ይቀበሉታል። የሚያድነው ሎክ ፋይልና ሲአይ (ኮዱን በራሱ የሚፈትሸው ሲስተም) ላይ ‹ኤንፒኤም ኢንስቶል› ፋንታ ‹ኤንፒኤም ሲአይ› ማስኬድ ነው፤ ሎኩ ከፓኬጅ ፋይሉ ጋር ካልተስማማ ያቆማል እንጂ በራሱ አያስተካክልም። የኤንፒኤም አማራጭ በሆነው ፒኤንፒኤም ላይ ሚኒመም ሪሊዝ ኤጅን 4320 ብታደርጉት ሦስት ቀን ያልሞላውን ሪሊዝ አይወስድም፤ ቁጥሩ በደቂቃ ነው።

ሰላማዊት፦ የባሰው ደግሞ የፓይተኑ የራሱ ጣሪያ ነው። ሪኳየርስ ፓይተን (ላይብረሪው የሚሠራባቸውን የፓይተን ቨርዥኖች የሚገልጸው መስመር) ላይ <3.13 ስትጽፉ የፒፕ ሪዞልቨር (ቨርዥን መራጩ) ስህተት የሚያሳይ ይመስላችኋል። አያሳይም፤ ጣሪያ ያልነበረው አሮጌ ሪሊዝ እስኪያገኝ ወደ ኋላ ይሄድና እሱን ያወርዳል። አሮጌው ደግሞ 3.13 ላይ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። የፓይተን ፓኬጅ ማከማቻ በሆነው ፓይፒአይ ላይ የወጣ ሪሊዝ ሜታዳታ ስለማይታረም ቀዳዳው አይደፈንም። ፖኤትሪ በሚባለው መሣሪያ ‹ፖኤትሪ አድ› ስትሉም ሳይጠየቅ ለዲፔንደንሲው ጣሪያ ይጽፋል፤ ላይብረሪ ከሆነ አጥፉት።

ሁሉም ሰው ጣሪያ ጣሪያ ይላል እንጂ ወለሉን (ዝቅተኛውን ቨርዥን) የሚፈትሽ የለም። >=1.0 ብላችሁ በ1.6 የመጣ ፈንክሽን ትጠራላችሁ፤ ሲአይ ሁሌ አዲሱን ስለሚያወርድ አይታያችሁም። ዩቪ ላይ ሪዞሉሽኑን ‹ሎውስት ዳይሬክት› (የቀጥታ ዲፔንደንሲዎችን ዝቅተኛ ቨርዥን) ብላችሁ ቴስቱን አንድ ጊዜ ተጨማሪ አስኪዱ።

ናቲ፦ ወለሉን ተቀብያለሁ። ጣሪያው ላይ ግን ሁለት ቦታ አልለቅም፦ መሰበሩ በተረጋገጠ ቨርዥን ላይ፣ እና የሌላውን ላይብረሪ የውስጥ ፈንክሽን እየጠሩ ከሆነ።

ሰላማዊት፦ የመጀመሪያው ላይ ጸብ የለኝም፤ የተበላሸው አንድ ሪሊዝ ብቻ ከሆነ ግን != ይበቃል። ሁለተኛው ላይ <2 ምን ያደርግልሃል? የውስጥ ፈንክሽን በፓች (የመጨረሻው ቁጥር ብቻ በተቀየረበት) ሪሊዝም ሊጠፋ ይችላል። ወይ == አድርገው፣ ወይ ኮዱን ገልብጠህ ፓኬጅህ ውስጥ አስገባው።